የትምህርት ቤት በጀት ሲጨምር የተማሪ ውጤት ይሻሻላል ወይ?

እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄዎች እየተቀላቀሉ ነው። አንዱ «ብዙ የሚያወጣ ትምህርት ቤት ከሌላው ይበልጣል?» የሚል ነው። ሌላው «ገንዘብ ሲጨመርለት ካለበት ይሻሻላል?» ነው። በጀት ለሚመድብ ሰው የሚጠቅመው ሁለተኛው ነው።

ለምሳሌ «ሀ» ትምህርት ቤት ለአንድ ተማሪ 100 ያወጣል፤ አማካይ ውጤቱ 70 ነው። «ለ» ችግረኛ ልጆች ስለሚበዙበት ተደጉሞ 130 ያወጣል፤ ውጤቱ 55 ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ገንዘቡ ጎዳ ሊል ይችላል። ድጎማው ግን የተሰጠው ቀድሞውኑ ዝቅ ስላለ ነው። ትክክለኛው ንጽጽር «ለ»ን ከሚመስሉና ድጎማ ካላገኙ ትምህርት ቤቶች ጋር ነው።

በዚህ መንገድ የተሠሩ ጥናቶች በአብዛኛው መሻሻል ያሳያሉ። በ2016 የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ ለ12ቱም የትምህርት ዓመታት የ10 በመቶ ጭማሪ ያገኙ የድሃ ቤተሰብ ልጆች ግማሽ ዓመት ገደማ የሚሆን ተጨማሪ ትምህርት እንደገፉ አሳይቷል። ለአንድ ዓመት ብቻ ተሰጥቶ የሚቋረጥ ድጎማ ይህን ያደርጋል ብሎ መጠበቅ አይገባም።

ልዩነት የሚያመጣው ገንዘቡ የዋለበት ቦታ ነው። ኢንዶኔዥያ የምስክር ወረቀት ላገኙ መምህራን መሠረታዊ ደመወዛቸውን እጥፍ ብታደርግም የተማሪው ውጤት አልተነቃነቀም። በአሜሪካዋ የቴነሲ ግዛት ግን በመጀመሪያዎቹ የክፍል ደረጃዎች በአንድ መማሪያ ክፍል ያለው የተማሪ ቁጥር ከ22–25 ወደ 13–17 ሲወርድ ውጤት ከፍ ብሏል።

ደግሞ ሒሳቡን በነፍስ ወከፍ ሥሩ፣ የዋጋ ንረትንም ከጭማሪው ላይ ቀንሱ። በጀት 10 በመቶ አድጎ ዋጋ 15 በመቶ ከናረ፣ ትምህርት ቤቱ የተጨመረለት ሳይሆን የተቀነሰበት ነው።