ስለ ዋግምት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው፦ «ቆሻሻ ደም» የሚባል ነገር የለም

ዋግምት፣ ማለትም ኩባያ ቆዳ ላይ ደፍቶ በመምጠጥ፣ አንዳንዴም ቆዳውን በጥቶ ደም በማውጣት የሚሰጠው ሕክምና፣ ዛሬ ከጥንት ሕክምናነቱ አልፎ ለአጠቃላይ ጤንነትና ድካም ለማስወገድ ተብሎም በስፋት የሚሰጥ አገልግሎት ሆኗል። በሕክምና ላቦራቶሪ የምሠራ ባለሙያ እንደመሆኔ ዋግምቱን ራሱን የምቃወምበት ምክንያት የለኝም፤ የሚያታክተኝ ሰዎች ከኩባያው የወጣውን ጥቁርና ዝልግልግ ደም ፎቶ አንስተው እያመጡ «ይህ ሁሉ ቆሻሻ በሰውነቴ ውስጥ ነበር» የሚሉኝ ነው። ወደዚህ እምነት ከመሄዴ በፊት ቀለል ያሉትን ላንሳ።

«ዋግምት የአንድ ሕዝብ ወይም የአንድ ሃይማኖት ሕክምና ነው።» አይደለም። በግሪክ የሂፖክራተስ ትምህርት ቤት ጽሑፎች፣ በቻይና በ4ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ሐኪም ጌ ሆንግ፣ ኋላም የፋርሱ ሐኪም ኢብን ሲና ስለዚሁ ሕክምና ጽፈዋል።

«እሳቱ ሕመሙን ይስባል።» እሳቱ የሚያደርገው በኩባያው ውስጥ ያለውን አየር ማሞቅ ብቻ ነው፤ አየሩ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ስለሚቀንስ ቆዳው ወደ ኩባያው ውስጥ ያብጣል። ያለ እሳት በእጅ ፓምፕ የሚሠራውም ውጤቱ ያው ነው፤ የማቃጠል አደጋም የለበትም።

«ክቡ ምልክት በጠቆረ ቁጥር የወጣው መርዝ ብዙ ነው።» እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ በዋናተኛው ማይክል ፌልፕስ ትከሻ ላይ የታዩት ክቦች ይህን አባባል በዓለም ዙሪያ አስፋፍተውታል። ምልክቱ በለዝ ነው፤ ቀጫጭን የደም ሥሮች በመምጠጡ ኃይል ተሰንጥቀው ደም ከቆዳ ሥር ሲፈስ የሚፈጠር። መጥቆሩ የሚወሰነው በመምጠጡ ብርታት፣ በቆይታው ርዝመትና በቆዳው ባሕርይ ነው።

ዋናው ስሕተት ግን «በጥቶ ደም ማውጣት በአንድ ቦታ የተጠራቀመውን ቆሻሻ ደም አስወግዶ ንጹሑን ያስቀራል» የሚለው ነው። የአንድ ጎልማሳ ሰው ሰውነት 5 ሊትር ያህል ደም ይይዛል፤ ልብም ሰውየው ዐርፎ በተቀመጠበት ጊዜ እንኳ በየደቂቃው ያንኑ ያህል ስለሚረጭ፣ አሁን በጀርባ ቆዳ ሥር ያለው ደም ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ በእግር፣ በአንጎል ወይም በኩላሊት ውስጥ ይገኛል። ቆሻሻው ተለይቶ በትከሻና በትከሻ መካከል የሚጠራቀምበት መንገድ የለም። የደሙ መጥቆርም ኦክስጅኑን በከፊል ለሕዋሳት ካስረከበ በኋላ የሚኖረው ቀለም ነው፤ ለምርመራ ከክንድ የምንቀዳው የጤነኛ ሰው ደምም ጠቆር ያለ ነው። መዝለግለጉን በተመለከተ፣ ደም ከሥሩ ወጥቶ ባዕድ ነገር ሲነካ ፋይብሪን የሚባለው ፕሮቲን እንደ መረብ ተዘርግቶ የደም ሕዋሳትን ይይዝና ያረጋዋል። መርጋትን የሚከላከል ንጥረ ነገር በሌለበት ቱቦ የቀዳነው ማንኛውም ጤናማ ደም በግማሽ ሰዓት ውስጥ እንዲሁ ይጓጉላል፤ ሊያሳስበን የሚገባው ሳይረጋ ቢቀር ነበር።

የሰውነትን ቆሻሻ የማስወገድ ሥራ በዋናነት የጉበትና የኩላሊት ነው። ኩላሊታቸው ሥራ ያቆመ ሕሙማን አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜው 4 ሰዓት ያህል በማሽን ደማቸው የሚታጠበው፣ ቆሻሻው በመላው ደምና በሰውነት ፈሳሽ ውስጥ ተሟሙቶ ስለሚገኝ ነው። ጥቂት ኩባያ ደም በማውጣት የሚጠራ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ድካም ባላስፈለገ ነበር።

አንዲት እናት የረጋ ደማቸውን በጠርሙስ ይዘው መጥተው ምን በሽታ እንደወጣላቸው እንድንነግራቸው ለመኑን። ከክንዳቸው ቀድተን ብንመረምር የሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን) መጠናቸው እጅግ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ድካም በተሰማቸው ቁጥር ይታገማሉ፤ በታገሙ ቁጥር ደሙ ያንሳቸዋል፤ ድካሙም ይብሳል። ደም ለጋሽ እንኳ ከመስጠቱ በፊት ሄሞግሎቢኑ ይለካል፤ ለዋግምት የሚቀርብ ሰው ይህ ጥንቃቄ የሚቀርበት ምክንያት አይታየኝም።

«ዋግምት የደም ግፊትንና ስኳርን ስለሚፈውስ መድኃኒት አያስፈልግም» የሚለውም ከዚሁ እምነት የተወለደ ነው። ክኒናቸውን በዚህ ምክንያት አቋርጠው ግፊታቸው አሻቅቦ የመጡ ሰዎች አይቻለሁ። መድኃኒታችሁን ከሐኪማችሁ ጋር ሳትነጋገሩ አታቁሙ።

በአንጻሩ «ምንም ጥቅም የለውም» ማለትም ትክክል አይደለም። ለአንገትና ለወገብ ሥር የሰደደ ሕመም ለአጭር ጊዜ የማስታገስ ውጤት ያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ነገር ግን ታካሚው ኩባያ እንደተደረገለት ስለሚያውቅ፣ እፎይታው ከዋግምቱ ይሁን ከተስፋው መለየት ያስቸግራል።

መታገም የሚፈልግ ሰው ደረቁን፣ ማለትም ብጣት የሌለበትን ቢመርጥ እመክራለሁ። ደም የሚወጣበት ከሆነ ግን ምላጩ ፊት ለፊታችሁ ከማሸጊያው የሚከፈትና አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል፣ ኩባያው አዲስ፣ የባለሙያውም እጅ በጓንት የተሸፈነ መሆን አለበት። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ለ7 ቀናት ሳይሞት ሊቆይ ስለሚችል፣ በውኃ ታጥቦ የደረቀ ኩባያ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስዱ፣ የደም መርጋት ችግር ወይም የደም ማነስ ያለባቸው ፈጽሞ አይበጡ፤ ነፍሰ ጡሮች በሆድና በወገብ ላይ አያድርጉት፤ ሶሪያሲስ የሚባለው የቆዳ በሽታ ያለባቸውም ኩባያው ባረፈበት ቦታ አዲስ ቁስል ሊወጣባቸው ስለሚችል አስቀድመው የቆዳ ሐኪም ያማክሩ።