ቤት ቅርስ ሲባል ምኑ ይከለከላል?

በአዲስ አበባ ዳርቻ «ቤትህ ቅርስ ነው» የተባለ ሰው ብዙ ጊዜ መንግሥት የሚወርሰው ይመስለዋል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግን ቅርስ በግለሰብ እጅ ሊቆይ እንደሚችል ይፈቅዳል፤ የሚገደበው ባለቤትነቱ ሳይሆን እንዳሻ መለወጡ ነው፤ ለጥገናም ቢሆን ቅርስን የሚጠብቀው የመንግሥት ባለሥልጣን ቅድመ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ነገሩ የሚወሳሰበው፣ በመካኒሳ እንዳለው ዞማ ሙዚየም፣ በጭቃና በጭድ ተቀርጾ ለተሠራ ቤት ነው። ብሎኬት ለዓመታት ዝም ይላል፤ የጭቃ ግድግዳ ግን ክረምቱ ሲወጣ ስንጥቁን ያሳያል፣ ጭድ ገብቶበት በደንብ የቦካ ጭቃም ይፈልጋል። ታዲያ የትኛው ጥገና፣ የትኛው ለውጥ ነው? በእኔ አስተያየት በዚያው ጭቃ፣ በዚያው ቅርጽ መምረግ ቤቱን ማቆየት ነው፤ በሲሚንቶ መለሰን ግን (አንዳንድ ባለቤቶች የሚመርጡት እሱን ነው) እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ግድግዳውን ስለሚያላሽቅ ለውጥም ጉዳትም ነው።