የኮሪያ ጦርነት፦ ከ38ኛው መስመር ወደ 38ኛው መስመር

የኮሪያ ጦርነት (እ.ኤ.አ. 1950–1953) አንድ ቋንቋ የሚናገር ሕዝብ ለሁለት ተከፍሎ የተላለቀበት ጦርነት ነው። ክፍፍሉን የጀመሩት ኮሪያውያን አልነበሩም። ኮሪያን ትገዛ የነበረችው ጃፓን ልትሸነፍ በተቃረበችበት በ1945፣ ሁለት የአሜሪካ መኮንኖች ሌሊት ካርታ ዘርግተው በ38ኛው የኬክሮስ መስመር ላይ ወሰን መረጡ፤ ከላይ ሶቪየት ኅብረት፣ ከታች አሜሪካ የጃፓንን ጦር ትጥቅ እንዲያስፈቱ ነበር። አንድም ኮሪያዊ አልተጠየቀም። በ1948 በሰሜን የኪም ኢል ሱንግ፣ በደቡብ የሲንግማን ሪ መንግሥት ሲቆም ሁለቱም መላዋን ኮሪያ የእኔ ናት አሉ።

ጁን 25 ቀን 1950 ንጋት ላይ የሰሜኑ ጦር በሶቪየት ታንኮች ታግዞ ወሰኑን ጥሶ ገባ። ሴኡል በሦስት ቀን ወደቀች፤ የደቡቡና ሊረዳው የገባው የተባበሩት መንግሥታት ጦር ተገፍቶ ቡሳን ወደብ ዙሪያ ተጨናንቆ ቀረ። በሴፕቴምበር የተባበሩት መንግሥታት ጦር አዛዥ ጄኔራል ማክአርተር ሴኡል አጠገብ ባለችው ኢንቾን ላይ ከባሕር ጦር ሲያወርድ ነገሩ ተገለበጠ፤ ፒዮንግያንግም ተያዘች። ጦሩ የቻይና ወሰን ወደሆነው ያሉ ወንዝ ሲጠጋ ግን ቻይና ገባችበት። ሴኡል በጃንዋሪ 1951 እንደገና ወደቀች፣ በማርች እንደገና ተመለሰች። በዘጠኝ ወር አራት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈች ከተማ የምትኖር እናት ጓዟን ስንት ጊዜ ጠቅልላ ስንት ጊዜ እንደፈታች ማሰብ ያንገበግባል።

የቀሩት ሁለት ዓመታት ይበልጥ ያሳዝናሉ። ድርድር በጁላይ 1951 ቢጀመርም፣ ወደ አገራችን አንመለስም ባሉ ምርኮኞች ጉዳይ ተንዛዛ። ወታደሩ በዚያ ሁሉ ጊዜ ስም በሌላቸው፣ በቁጥር ብቻ በሚጠሩ ኮረብታዎች ላይ ይረግፍ ነበር። በራስ መኮንን የፈረስ ስም የተሰየመው የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃም የደረሰው በዚሁ ጊዜ ነው፤ በሜይ 1951 ቡሳን ገብቶ በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ሥር ተሰለፈ። በየተራ የተላኩት የቃኘው ሻለቆች እየተፈራረቁ ሲዋጉ ከ120 በላይ ልጆቻችን ወደቁ፤ አንድም ግን አልተማረከም።

ተኩስ አቁሙ ጁላይ 27 ቀን 1953 ከጠዋቱ 4 ሰዓት ፓንሙንጆም ላይ ተፈረመ። የሚጸናው ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ስለነበር መድፉ እስከዚያ ሲያጓራ ዋለ። ሲንግማን ሪ አልፈረሙም፤ የሰላም ውልም እስከ ዛሬ የለም። ሁለቱን ኮሪያዎች የሚለየው፣ አራት ኪሎ ሜትር የሚሰፋው ከጦር ነፃ ቀጣና የድሮውን ወሰን በሰያፍ አቋርጦ ያልፋል፦ የደቡብ የነበረችው ኬሶንግ ለሰሜን፣ የሰሜን የነበረችው ሶክቾ ለደቡብ ሆነው ቀሩ።