የእንግሊዝ ገጠር ጡረተኞች ሳምንት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የእንግሊዝ ገጠር ጡረተኛ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ሻይ ይዞ መስኮት ዳር የተቀመጠ ሽማግሌ ነው። የጡረተኛ ባልና ሚስትን ሳምንት በቅርብ የሚያውቅ ግን ከሠራተኛ የባሰ ጊዜ እንደሚያጥራቸው ያያል። በብዙ መንደር አዳራሹን የሚከፍተው፣ ሕመምተኛ ሐኪም ቤት የሚያደርሰው፣ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል የሚደውለው ደመወዝ የማይከፈለው ሰው ነው። በሥራ ቀን ጊዜ ያለው ደግሞ ጡረተኛው ነው። እዚያ ሠርተው ጡረታ ለተቃረቡም ሆነ ልጆቻቸው ዘንድ ለሚከርሙ ወላጆች፣ ተደጋግመው የሚሰሙት ስህተቶች ከነእርማታቸው እነሆ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

“ጡረታ ለባልና ሚስት አንድ ላይ ይከፈላል፤ ዕድሜው ሲደርስም በራሱ ይጀምራል”

ሁለቱም ልክ አይደለም። የመንግሥት ጡረታ የሚታሰበው ለእያንዳንዱ ሰው በራሱ የናሽናል ኢንሹራንስ (የመንግሥት መድን መዋጮ) መዝገብ ነው። ሙሉውን ለማግኘት አብዛኛውን ጊዜ የ35 ዓመት መዋጮ ያስፈልጋል፤ ከ10 ዓመት በታች ከሆነ ደግሞ በአብዛኛው ምንም አይገኝም። በ2025/26 የበጀት ዓመት ሙሉው በሳምንት 230.25 ፓውንድ ነበር፤ ባንክ የሚገባው ግን በየአራት ሳምንቱ ነው። መነሻ ዕድሜው 66 ሆኖ ቆይቶ ከኤፕሪል 2026 እስከ 2028 ባለው ጊዜ ደረጃ በደረጃ ወደ 67 ከፍ ይላል። ካላመለከቱ አይጀምርም። ያዘገየ ሰው ግን በየ9 ሳምንቱ 1 በመቶ ይታሰብለታል፤ ይህም በዓመት 5.8 በመቶ ገደማ ይሆናል።

“አገር ቤት ገብቼ ጡረታዬን እየበላሁ እኖራለሁ” የሚል ሰው አስቀድሞ ይህን ይወቅ፦ ገንዘቡ ኢትዮጵያም ይላካል፤ በየዓመቱ የሚደረገው ጭማሪ ግን አይታከልበትም። በወጡበት ጊዜ በነበረው መጠን እንደቆመ ይቀራል። እስራኤል ወይም አሜሪካ የሚኖር ግን ጭማሪውን ያገኛል። በ20 ዓመት ውስጥ ይህ ልዩነት ቀላል አይሆንም።

“አውቶቡስ ነጻ ስለሆነ መኪና አያስፈልግም”

ካርዱ ነጻ ነው፤ ችግሩ አውቶቡሱ ነው። በእንግሊዝ የጡረታ ዕድሜ የደረሰ ሰው ካርዱ የሚሠራለት በሥራ ቀናት ከጠዋቱ 3፡30 እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ነው። ስለዚህ የሦስት ሰዓት የሆስፒታል ቀጠሮ ያለው ሰው በነጻው ካርድ አይደርስም። ብዙ መንደር ውስጥ ደግሞ አውቶቡሱ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ይመጣል፤ እሑድ ጭራሽ የማይመጣበትም አለ። ቀጠሮ ሲያዝ መጀመሪያ የሚታየው የሐኪሙ ሰዓት ሳይሆን የአውቶቡሱ ሰሌዳ ነው። ክፍተቱን የሚሞሉት የበጎ ፈቃድ ሾፌሮች ናቸው፤ እነሱም አብዛኞቹ ጡረተኞች ናቸው። ተሳፋሪው የሚከፍለው ለመንገዱ ርቀት የተተመነውን የነዳጅ ወጪ ነው፤ ማስያዝ የሚገባውም ከቀናት በፊት ነው።

“በ70 ዓመት መንጃ ፈቃድ ይቀማሉ” የሚለውም ወሬ ነው። በ70 ጊዜው ያልፍበታል፤ ከዚያ በየሦስት ዓመቱ ያለ ክፍያና ያለ ፈተና ይታደሳል። አመልካቹ ሕመሙን በሐቅ ማሳወቅ አለበት፤ በመነጽርም ቢሆን የመኪና ታርጋ ከ20 ሜትር ርቀት ማንበብ መቻል አለበት።

“ደወል መደወል ጉልበት ያለው ጎረምሳ ሥራ ነው”

የእንግሊዝ ደወል አንድ ሰው ቆሞ የሚመታው ዓይነት አይደለም። ደወሉ በትልቅ መንኮራኩር ላይ ተሰክቶ ሙሉ ክብ ይዞራል፤ ሲጀመር አፉ ወደ ላይ ነው። እያንዳንዱን ደወል አንድ ሰው ይይዛል፤ በብዙ መንደር ስድስት ወይም ስምንት ደወል አለ። ደወሉ ብዙ መቶ ኪሎ ሊመዝን ይችላል፤ ቢሆንም በሚዛን ላይ ስለሚቆም የሚፈልገው ጡንቻ ሳይሆን ሰዓቱን የጠበቀ ትንሽ ስበት ነው፤ ዥዋዥዌ የሚገፋ ሰው ያውቀዋል። በስልሳዎቹ ዕድሜ ጀምረው ጥሩ ደዋይ የሚሆኑ ሰዎች አሉ።

ገመዱ ላይ ሳሊ የሚባል ባለቀለም የሱፍ መያዣ አለ። አንዱ ምት ሳሊውን ይዞ ይሳባል፤ ሁለተኛው ምት በገመዱ ጫፍ ይሳባል፤ ሳሊው ሲመለስ በትክክለኛው ቅጽበት ይያዛል። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሳሊውን ለመያዝ ይዘገያል፣ ወይም ከያዘው በኋላ መልቀቅ ይረሳል፣ ወይም ገመዱን ለማየት አንገቱን ወደ ላይ ያንጋጥጣል፤ ያኔ ምቱ ይጠፋዋል። ሌላው ስህተት ኃይለኛ ስበት ነው። ደወሉ ሚዛኑን ጥቂት አልፎ እንዲያርፍ የሚያግደው ስቴይ የሚባል የእንጨት ዘንግ ነው፤ በጣም ከተሳበ ዘንጉ ይሰበራል፣ ደወሉ ዞሮ ይሄዳል፣ ገመዱም እየተጠቀለለ ወደ ጣሪያ ይወጣል። አልለቅም ያለ ሰው አብሮ ይነሳል፤ ሲወድቅ እግሩ ሊሰበር ይችላል። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ትምህርት “ከተደናገርክ ልቀቅ” የሚሆነው። ጎብኚም የደወሉ ግንብ ውስጥ የተንጠለጠለ ገመድ መንካት የለበትም፤ ደወሉ አፉ ወደ ላይ ሆኖ ቆሞ ሊሆን ይችላል።

ደወሉን ለብቻ መቆጣጠር ለመልመድ ብዙ ሰው ከ10 እስከ 15 ሰዓት ያህል ልምምድ ይወስድበታል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ትዕግሥት ነው። ዜማ የለም፤ የሚለዋወጠው የደወሎቹ ተራ ነው። ስድስት ደወል 720 ዓይነት ቅደም ተከተል ይሰጣል፤ ሁሉንም ሳይደግሙ መጨረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሰባት ደወል ሲሆን ቁጥሩ 5,040 ይደርሳል፤ እሱ ሦስት ሰዓት ያህል ያለ እረፍት ቆሞ መደወልን ይጠይቃል። የሳምንቱ ልምምድ በአንድ የሥራ ቀን ምሽት ነው፤ እሑድ ከቅዳሴ በፊት ይደወላል፤ በበጋ ቅዳሜ ሠርግ አለ። በጋ ላይ ቅዳሜን ለልጅ ልጅ ማስለቀቅ የሚከብደው አንዱ በዚህ ነው።

“አሎትመንት ማለት ትንሽ ጓሮ ነው፤ ሲመች ይታረማል”

ከመንደሩ ምክር ቤት ለአትክልት ማልሚያ የሚከራየው አሎትመንት ሙሉው ቦታ በተለምዶ 250 ካሬ ሜትር ነው። ለሁለት ጡረተኛ ግማሹ ይበቃል፤ ሙሉውን በጉጉት የወሰዱ ብዙዎች በሁለተኛው ዓመት አረም ይውጣቸዋል። ሳር ሆኖ የተተወ ቦታ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ያመጣል፤ ተራ የሚጠብቅ ሰው አለና።

ድንችን እንውሰድ። ቀድሞ የሚደርሰው ዓይነት ከጃንዋሪ መጨረሻ ጀምሮ በእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን ላይ፣ ብርሃን ባለበት ቀዝቃዛ ክፍል ይጎነቁላል። በማርች መጨረሻ ገደማ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በድንቹ መካከል 30፣ በመስመሮቹ መካከል 60 ሳንቲ ሜትር ተለክቶ ይተከላል። እስከ ሜይ አጋማሽና ከዚያም በኋላ ውርጭ ሊጥል ይችላል፤ ማታ ቅዝቃዜ ከተነገረ ብቅ ያለውን ቅጠል አፈር አስታቅፎ መሸፈን ነው። ማስታቀፉ ሌላም ጥቅም አለው፦ ብርሃን ያገኘው ድንች አረንጓዴ ሆኖ መርዛማ ይሆናል። ከ10 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ ይቆፈራል።

ዘግይቶ የሚደርሰውን ዓይነት የሚፈጀው በጁላይና በኦገስት፣ ሙቀትና እርጥበት ሲገናኙ የሚመጣው ብላይት የሚባል በሽታ ነው። ቅጠሉ ላይ ቡናማ ጠባሳ ይታያል፤ በቀናት ውስጥ ማሳው ይጠቁራል። መድኃኒት ፍለጋ መሮጥ ጊዜ ማባከን ነው። ግንዱን ከመሬት ልክ ቆርጦ ከቦታው ማስወገድ፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ጠብቆ መቆፈር ይሻላል። ወዲያው የተቆፈረ ድንች ከአፈሩ ላይ በሽታውን ይዞ ጎተራ ገብቶ ይበሰብሳል። ዙኪኒ ደግሞ ሁለት እግር ብቻ ይበቃል፤ ስድስት የተከለ ሰው በኦገስት ለጎረቤት ሁሉ ሲያድል ይከርማል፣ ጎረቤቱም በሩን መዝጋት ይጀምራል።

“በሰው ማሳ መሄድ ክልክል ነው”

በየሳምንቱ በቡድን የሚራመዱት ጡረተኞች አብዛኛው መንገዳቸው በግል ማሳ ውስጥ ነው፤ ሕጋዊ የእግረኛ መንገድ ከሆነ ገበሬው ሊከለክል አይችልም። ማሳውን አቋርጦ የሚያልፈውን መንገድ ቢያርሰው እንኳ በ14 ቀን ውስጥ ቢያንስ በ1 ሜትር ስፋት መልሶ ማስተካከል አለበት። በ1፡25,000 የኦርድናንስ ሰርቬይ (የብሪታንያ ካርታ ሥራ ድርጅት) ካርታ ላይ መንገዱ በአረንጓዴ ቁርጥራጭ መስመር ይታያል። በር ክፍት ከነበረ ክፍት፣ ዝግ ከነበረ ዝግ ሆኖ ይተዋል። ጥጃ ያላት ላም ከውሻ ጋር ትጋጫለች፤ ላሞቹ ካባረሩ የውሻውን ማሰሪያ መልቀቅ ነው። ውሻው ሮጦ ያመልጣል፤ የሚረገጠው ማሰሪያውን የያዘው ሰው ነው።

“ፓሪሽ ካውንስል የቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ ነው”

አይደለም። ከ1894ቱ ሕግ ጀምሮ ከቤተ ክርስቲያን የተለየ፣ በምርጫ የሚቋቋም የመንደር ምክር ቤት ነው። የሳር ሜዳውን፣ አሎትመንቱን፣ የአውቶቡስ መጠለያውን ይይዛል። በግንባታ ማመልከቻ ላይ አስተያየት ይሰጣል እንጂ አይፈቅድም፤ ከጎረቤት ጋር የሚያጣላው ብዙ ቅሬታ ይህን ባለማወቅ የሚመጣ ነው።

“የሦስተኛው ዕድሜ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ይፈልጋል”

በአጭሩ ዩ3ኤ የሚባለው ይህ ዩኒቨርሲቲ በብሪታንያ ከ1982 ጀምሮ ያለ የጡረተኞች ማኅበር ነው። ፈተናም ዲግሪም የለም። የሚያውቀው ያስተምራል፤ የማያውቀው ወንበር ያስተካክላል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ተራው ይገለበጣል።

“ገጠር ቤት ወጪው ቀላል ነው”

የጋዝ መስመር ያልደረሰበት ቤት የሚሞቀው በታንከር በሚመጣ ነጭ ጋዝ ነው። ሻጮች አብዛኛውን ጊዜ ከ500 ሊትር በታች አያደርሱም። ስለዚህ ጎረቤቶች ትእዛዛቸውን ሰብስበው አንድ ቦቴ በአንድ ቀን ያስመጣሉ፤ ዋጋው ይቀንሳል፣ ሰብሳቢው ግን ያው አንድ ጡረተኛ ነው። የቤቱ ታንክ ሩብ ሲቀረው ማዘዝ ያስፈልጋል። ሙልጭ ብሎ ካለቀ ከሥር ያለው ዝቃጭ ማጣሪያውን ይደፍናል፣ ቧንቧውም አየር ይይዛል። ከተሞላ በኋላም ባለሙያ መጥቶ አየሩን እስኪያስወጣ ቦይለሩ (ቤቱን የሚያሞቀው ማሽን) አይነሳም፤ ይህም ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው በጃንዋሪ ነው።

የቤት ስልክም እየተለወጠ ነው። የድሮው የመዳብ መስመር በጃንዋሪ 2027 መጨረሻ እንዲዘጋ ታቅዷል፤ አዲሱ በኢንተርኔት ሳጥን በኩል ስለሚሠራ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። በሞባይል የማይደረስበት ቤት ያለ ሰው ለስልክ ድርጅቱ ቀድሞ መንገርና መጠባበቂያ ባትሪ መጠየቅ አለበት። አንገት ላይ የሚንጠለጠል የአደጋ ጥሪ ቁልፍ ያለው ደግሞ መስመሩ ከመቀየሩ በፊት መሣሪያው በአዲሱ እንደሚሠራ ያረጋግጥ። መብራት ሲጠፋ የሚደወለው 105 ነው።