ሁላችን መጋቢዎች ነን

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ «መጋቢ» የሚለውን ቃል ስንሰማ ቶሎ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ጉባኤ የሚመራና በመድረክ ላይ ቆሞ ቃሉን የሚያካፍል አገልጋይ ነው። ቃሉ ማዕረግ ሆኖ ከሰው ስም በፊት ይጠራል። ሐዋርያው ጴጥሮስ ግን ለሁሉም ሰጥቶታል፦ «ልዩ ልዩን የእግዚአብሔርን ጸጋ ደጋግ መጋቢዎች እንደ መሆናችሁ፥ እያንዳንዳችሁ የጸጋን ስጦታ እንደ ተቀበላችሁ መጠን በዚያው ጸጋ እርስ በርሳችሁ አገልግሉ» (1ኛ ጴጥ. 4፥10)። እያንዳንዳችሁ ነው ያለው። ያመነ ሁሉ መጋቢ ነው።

በዚያ ዘመን መጋቢ ማለት በአንድ ትልቅ ቤት ውስጥ የጌታውን ንብረት የሚያስተዳድር ሰው ነበር። ጌታችንም በሉቃስ 12፥42 ይህንኑ ሰው ሲገልጸው፣ ለቤተ ሰዎቹ ምግባቸውን በጊዜው እንዲሰጥ ጌታው የሾመው ነው ይለናል። የጎተራው ቁልፍ በእጁ ነው፣ እህሉ ግን የእርሱ አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው የሚጠየቀው እህሉን ከሰረቀ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቤተ ሰቡ ተርቦ ጎተራውን ቆልፎ ከተቀመጠም ያው ተጠያቂ ነው። አንዲት ፍሬ ሳይነካ ሊበድል ይችላል።

ይህን ያነሣሁት «ስጦታ» የሚለው ቃል አንዳንዴ ስለሚያሳስተን ነው። ሰው ስጦታ ሲሰጠው ያመሰግናል፣ ቤቱ ይወስዳል፣ ደስ ባለው ቦታ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ ወዲያ የራሱ ነው። ስለ ጸጋ ስጦታም በዚህ መንገድ ማሰብ ስንጀምር «የእኔ ስጦታ»፣ «የእኔ አገልግሎት»፣ «የእኔ ቅባት» እያልን እንቀጥላለን። እኔ ነገሩን በደንብ የሚይዘው የአማርኛ ቃል «አደራ» ይመስለኛል። አደራ በእጅህ ነው፣ ትጠብቀዋለህ፣ ትጠየቅበታለህ፣ ባለቤቱ ግን ሌላ ነው። ጳውሎስ የተጠቀመበት «ካሪስማ» የሚለው የግሪክ ቃልም «ካሪስ» ማለትም ጸጋ ከሚለው የወጣ ስለሆነ፣ ቃሉ ራሱ የሥራ ደመወዝ እንዳልሆነ ይናገራል። ለዚህም ነው ሐዋርያው «ያልተቀበልኸውስ ምን አለህ?» ብሎ የሚጠይቀው (1ኛ ቆሮ. 4፥7)።

ስለ ስጦታዎች በስፋት የተጻፈላት የቆሮንቶስ ቤተ ክርስቲያን ናት፣ እርሷ ዘንድ ትንሽ ልቆይ። ጳውሎስ በከተማዋ አንድ ዓመት ከስድስት ወር ተቀምጦ አስተምሯል (ሐዋ. 18፥11)። በኋላም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ55 ዓ.ም. ገደማ ከኤፌሶን ሆኖ ደብዳቤውን ጻፈላት። ገና ሲጀምር «አንድ የጸጋ ስጦታ እንኳ አይጎድልባችሁም» ይላታል (1፥7)። እስቲ አስቡት፤ ይህ ቢባልላት የማትወድ ቤተ ክርስቲያን የትኛዋ ናት? ልሳን አለ፣ ትንቢት አለ፣ እውቀት አለ፣ ፈውስ አለ። ምዕራፍ 11 ላይ ስንደርስ ግን እነዚሁ ሰዎች በአንድ ማዕድ ተሰብስበው «አንዱም ይራባል አንዱ ግን ይሰክራል» ተብሎ ተጽፎባቸዋል። የጌታ እራት ላይ! ምንም የሌላቸው እያፈሩ፣ ያላቸው ቀድመው እየበሉ።

እነዚህን ሁለት ጥቅሶች ለየብቻ እናነባቸዋለን እንጂ አጠገብ ለአጠገብ አድርገን ብዙ አንመለከታቸውም። አንድ የጸጋ ስጦታ ያልጎደለባት ጉባኤ ለተራበው ወንድም የሚሆን እንጀራ ጎድሎባታል። ስለ ስጦታዎች የሚናገረው ምዕራፍ 12 የሚመጣው ከዚህ ወቀሳ ቀጥሎ መሆኑን አስተውሉ። ጳውሎስ ከማዕዱ ሳይነሣ ነው ስለ ስጦታ ማስተማር የጀመረው ለማለት እደፍራለሁ። «መንፈስ ቅዱስን መግለጥ ለእያንዳንዱ ለጥቅም ይሰጠዋል» ሲል (12፥7) ጥቅሙ የማን እንደሆነ ቀጥሎ ያለው የአካል ምሳሌ ይነግረናል። ዓይን የሚያየው ለራሱ ብሎ አይደለም። እግር እሾህ እንዳይረግጥ፣ እጅ የሚይዘውን እንዳይስት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የራሴን ነገር ልንገራችሁ። እናቴ በመጨረሻ ሕመሟ ለወራት አልጋ ላይ በዋለችበት ጊዜ ብዙ ወገኖች እየመጡ ጸልየውላታል፣ ለሁሉም ጌታ ዋጋቸውን ይክፈላቸው። ከእነርሱ መካከል አንዲት እኅት ነበረች። በጉባኤ ፊት ቆማ ስትናገር አይቻት አላውቅም። በየማክሰኞው ትመጣለች። ነጠላዋን ታስቀምጥና ወደ ወጥ ቤት ገብታ ውኃ ታሞቃለች፣ በሳፋ ይዛ ትመለሳለች፣ የእናቴን እግር ታጥባለች፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ታደርቃለች፣ ጥፍሯን ትቆርጥላታለች። ይህን ሁሉ ስታደርግ በለሆሳስ ትዘምራለች፤ መሐል ላይ አንድ ነገር ትላትና ሁለቱም ይስቃሉ። እናቴ ቀኑ ሲምታታባት እንኳ «ዛሬ ማክሰኞ ነው?» ብላ መጠየቅ አልተወችም።

በዚያው ሰሞን እኔ በጉባኤያችን ስለ ጸጋ ስጦታዎች ተከታታይ ትምህርት እሰጥ ነበር። ለልሳን ሁለት ሳምንት፣ ለትንቢት ሁለት ሳምንት ሰጥቼ፣ በሮሜ 12፥8 ያለውን «የሚምርም በደስታ ይማር» የሚለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፌው ነበር። በደስታ የሚለው ቃል ለምን እዚያ እንደ ገባ የገባኝ እዚያ በር ላይ ቆሜ ሳያት ነው። በሽተኛን ማስታመም ከባድ ነው፤ በግዴታ የሚያስታምምህ ሰው ሸክም መሆንህን በፊቱ ይነግርሃል። ከመንፈስ የሆነ ምሕረት ግን ከደስታ ጋር ይመጣል፣ የታመመውም ሰው ሳያፍር ይቀበለዋል። በሚቀጥለው እሑድ ጉባኤውን ይቅርታ ጠይቄ ትምህርቱን ወደ ኋላ መለስኩት።

ስጦታ ስንል ዓይናችን ወደ መድረክ ብቻ መሄዱ የቆየ ልማድ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ግን ስሙን ጠርቶ «የእግዚአብሔር መንፈስ ሞላበት» የሚልለት የመጀመሪያ ሰው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የእጅ ባለሙያው ባስልኤል ነው፣ ከይሁዳ ነገድ፣ የኡሪ ልጅ (ዘጸ. 31፥1-5)። መንፈሱ የሞላበትም ወርቅና ብር እንዲሠራ፣ ድንጋይ እንዲቀርጽ፣ እንጨት እንዲጠርብ ነበር። የእግዚአብሔር ማደሪያ ድንኳን ካልተሠራ ካህናቱ የት ይቆሙ ነበር? በ1ኛ ቆሮንቶስ 12፥28 ደግሞ በተአምራትና በልሳን መካከል «እርዳታ» እና «አገዛዝ» ተጽፈዋል። «አገዛዝ» ለዛሬ ጆሯችን ጨቆን ያለ ቃል ነው። የግሪኩ ቃል ግን የመርከብ መሪን ሥራ የሚያመለክት ነው፤ በሐዋርያት ሥራ 27፥11 የጳውሎስን መርከብ ይመራ የነበረው ሰው የሚጠራበትም ስም ከዚሁ ቃል ጋር ዘመድ ነው። ማዕበል ሲነሣ መርከቧን ከዐለት የሚያርቅ፣ ተሳፋሪው ተኝቶ እርሱ የሚነቃ ሰው ማለት ነው። ሒሳብ በታማኝነት የሚይዝ፣ የተጣሉትን ሳይጮህ የሚያስታርቅ፣ ሥራን ለሰው የሚያከፋፍል ወንድም ካላችሁ ይህን ቃል አንብቡለት።

ይህን ስል ልሳንን ወይም ትንቢትን ማሳነሴ አይደለም። እነዚህ ስጦታዎች ከሐዋርያት ጋር አብቅተዋል የሚሉ ጌታን የሚወዱ ወገኖች አሉ፤ እኔ ጌታ ዛሬም ይሰጣል ብዬ አምናለሁ። «መንፈስን አታጥፉ፤ ትንቢትን አትናቁ፤ ሁሉን ፈትኑ፥ መልካሙን ያዙ» የሚለው ትእዛዝ (1ኛ ተሰ. 5፥19-21) ሁለት እጅ አለው፤ አንዱ አትናቁ ይላል፣ ሌላው ፈትኑ ይላል። አንዱን ይዘን ሌላውን ስንጥል ነው ጉዳት የሚመጣው። ጳውሎስ ራሱ ከሁሉ ይልቅ በልሳን እንደሚናገር መስክሮ ሲያበቃ፣ በማኅበር ግን ከእልፍ የልሳን ቃላት ይልቅ ሌሎችን የሚያስተምሩ አምስት ቃላትን መረጠ (1ኛ ቆሮ. 14፥18-19)። አምስት ከዐሥር ሺህ! ሚዛኑ የሰሚው መታነጽ ነው።

ትንቢት ለምን እንደሚሰጥ ማየት ለሚፈልግ የአጋቦስን ታሪክ ያንብብ (ሐዋ. 11፥27-30)። ከኢየሩሳሌም ወደ አንጾኪያ ወርዶ ታላቅ ረሃብ እንደሚሆን በመንፈስ አመለከተ። ረሃቡም በቀላውዴዎስ ዘመን ሆነ። የአንጾኪያ ምእመናን ግን «እንዴት ያለ ነቢይ ነው!» ብለው አልተቀመጡም። እያንዳንዳቸው እንደ ችሎታቸው አዋጡ፣ በበርናባስና በሳውል እጅ በይሁዳ ላሉት ወንድሞች ላኩ። አንዱ ተናገረ፣ ብዙዎች ሰጡ፣ ሁለቱ ተሸክመው ወሰዱ፣ ሽማግሌዎች ተረከቡ። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ አንዱ ቢጎድል ትንቢቱ እውነት ሆኖ ሳለ የይሁዳ ቅዱሳን በተራቡ ነበር።

ስጦታን ለትርፍ ስለሚያውሉት ብዙ መናገር አልፈልግም፤ ጴጥሮስ የእግዚአብሔርን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ ለፈለገው ለሲሞን «ብርህ ከአንተ ጋር ይጥፋ» ያለው (ሐዋ. 8፥20) ይበቃል። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ማቴዎስ 7፥22-23 ነው። በስሙ ትንቢት የተናገሩ፣ አጋንንት ያወጡ፣ ብዙ ተአምራት ያደረጉ ሰዎች «ከቶ አላወቅኋችሁም» ተባሉ። ስጦታ የመንፈሳዊ ብስለት ማረጋገጫ አይደለም። በአንድ ሰው በኩል ፈውስ ስላየን ብቻ ትምህርቱን ሳንመረምር፣ ኑሮውን ሳናይ የተከተልንባቸው ጊዜያት ብዙ ቅዱሳንን አቁስለዋል። የቆሰላችሁ ካላችሁ፣ ከልቤ አዝናለሁ። የበደላችሁ ሰው እንጂ መንፈስ ቅዱስ አይደለም፤ ከእርሱ አትሽሹ።

ብዙዎች «ስጦታዬ ምን እንደሆነ እንዴት ልወቅ?» ብለው ይጠይቁኛል። አንዳንዶች ለዓመታት ወደ ውስጣቸው እያዩ ሲፈልጉ ኖረዋል። እኔ ወደ ጎን እንዲያዩ ነው የምመክራቸው። መጋቢ ጎተራውን የሚከፍተው የተራበ ሰው ሲያይ ነው። በጉባኤያችሁ ውስጥ ደጋግሞ ዓይናችሁ የሚያርፍበት ጉድለት ምንድር ነው? አንዱ ገብቶ ልጆች ሳይማሩ መዋላቸው ያሳዝነዋል፣ ሌላው አዲስ የመጣ እንግዳ ማንም ሳያናግረው መሄዱ እንቅልፍ ይነሣዋል፣ ሌላዋ የተሰበረ ልብ ከሩቅ ትለያለች። ያ የሚያሳዝናችሁ ነገር ብዙ ጊዜ ጌታ ቁልፍ ያስቀመጠበት ቦታ ነው። ጀምሩት። የታነጹት ሰዎች ራሳቸው ይነግሯችኋል፤ ስጦታን ከባለቤቱ በፊት ተቀባዩ ነው የሚያውቀው። «እኔ እጅ አይደለሁምና የአካል ክፍል አይደለሁም» የሚለውን የእግር ንግግር (1ኛ ቆሮ. 12፥15) ግን ከአፋችሁ አውጡት። ትሕትና ይመስላል፣ ነገር ግን መንፈስ እንደሚፈቅድ ያካፈለውን (12፥11) እንደ ማቃለል ይቆጠራል። ደካሞች የሚመስሉት ብልቶች «ይልቁን የሚያስፈልጉ ናቸው» ተብሏልና።

ለመሪዎችም አንድ ቃል አለኝ። ኤፌሶን 4፥11-12 ሐዋርያት፣ ነቢያት፣ ወንጌል ሰባኪዎች፣ እረኞችና አስተማሪዎች የተሰጡት ቅዱሳን ለአገልግሎት ሥራ እንዲዘጋጁ መሆኑን ይናገራል። ለዚህ ዝግጅት የዋለው የግሪክ ቃል፣ በማርቆስ 1፥19 ያዕቆብና ዮሐንስ በታንኳ ላይ ሆነው መረባቸውን ሲያበጁ ከተጻፈው ቃል ጋር አንድ ሥር አለው። መረብ ጠጋኝ ተቀምጦ የተቀደደውን ክር እየፈለገ ያስራል፤ ዓሣውን ግን የሚይዘው መረቡ ነው። ሁሉን አገልግሎት በራሳችሁ የያዛችሁ እረኞች፣ እየደከማችሁ ያላችሁት ለመረቡ የተሰጠውን ሥራ በባዶ እጃችሁ ስለምትሠሩ ሊሆን ይችላል። ዝም ያሉትን ፈልጉ፣ ጥሯቸው፣ ሲሳሳቱ አቅኗቸው፣ እንደገናም ዕድል ስጧቸው።

ጀምራችሁ ያቆማችሁም ትኖራላችሁ። ጢሞቴዎስም ሳይቀዘቅዝ አልቀረም፤ ጳውሎስ በእርሱ ያለውን የእግዚአብሔርን ስጦታ «እንዲያነሣሣ» ሲያሳስበው (2ኛ ጢሞ. 1፥6) የተጠቀመበት ቃል እሳትን እንደገና ማቀጣጠልን ያመለክታል። አመድ የሸፈነው ፍም አልሞተም፤ አመዱን ገለጥ አድርጎ እፍ ማለት ብቻ ነው የሚፈልገው።

በሚቀጥለው እሑድ ስብሰባው ሲያበቃ ቶሎ አትውጡ። በሩ አጠገብ ጥቂት ቆዩ። አንገቱን ደፍቶ ብቻውን የሚወጣ ሰው ታያላችሁ፣ ወይም ከወንበሯ ሳትነሣ የቀረች እናት። ቅረቡና ሰላም በሏቸው፣ እንዴት እንደ ሰነበቱ ጠይቋቸው፣ እስኪጨርሱም ስሟቸው።