ትኩስ አበባ በሰሜን ሸዋ ቤት

በሰሜን ሸዋ ትኩስ አበባ ወደ ቤት ማስገባት የቅርብ ጊዜ ፋሽን አይደለም። አዲስ ነገር ቢኖር የመስታወት ማስቀመጫው ነው። ልማዱ ግን ከጎጆ ቤት ጋር አብሮ የኖረ ነው። አደይ ከሜዳ ይለቀማል፣ ቄጠማ ከረግረግ ይታጨዳል፣ አሪቲና ጠጅ ሳር ከጓሮ ይቀነጠሳል። ቤቱ ይደምቃል፣ የሰው ፊትም ይፈታል። ይህ ዳሰሳ ከቤት ልማዱ፣ ከቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠርና ዕፅዋት አጥኚዎች ጽፈው ካስቀሩት የተሰበሰበ ነው።

አገሩና አየሩ

ዞኑ ከመንዝ ውርጭ እስከ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ይወርዳል። ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከፍታው ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆነ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ስሙ የመጣው በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ከሰማይ ከታየው ብርሃን ነው።

በደጋው ክረምቱ ይከብዳል። ጣርማ በር ላይ ጭጋጉ ከወረደ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላትታይ ትችላለች። የድሮው የመንዝ ቤት ደግሞ ግድግዳው ድንጋይ፣ መስኮቱ ጠባብ፣ ጣሪያው በጭስ የጠቆረ ነው። ሐምሌና ነሐሴን እሳት ዳር ተኮራምቶ የከረመ ሰው አንድ እቅፍ ቢጫ አበባ በበር ሲገባ የሚሰማውን ደስታ ማንም አያስረዳውም፤ ያውቀዋል። በቆላው በኩል ግቢ የሚያደምቀው ቡገንቪላ ነው።

ከመስከረም እስከ ጽጌ

የአበባው ዓመት የሚከፈተው በጳጉሜን ማብቂያ ነው። አደይ አበባ፣ በሳይንስ ስሙ ባይደንስ ማክሮፕቴራ፣ ዝናቡ ማባራት ሲጀምር በየማሳው ዳርና በየተረተሩ ይፈነዳል። ወቅቱ ካለፈ ግን የለም። በዋዜማው ልጆች ሜዳ ወጥተው ይለቅማሉ። ከተማ ላይ ከቄጠማ ጋር እስር እስር ተደርጎ መንገድ ዳር ይሸጣል።

በእኛ ቤት እናቴ አደዩን መጀመሪያ በር ላይ ታራግፈዋለች። ጤዛውና ጉንዳኑ ይወርዳል። የታችኛውን ቅጠል በእጇ ትመለምላለች። ግማሹን ከለምለም ሣር ጋር አስራ ጉበኑ ላይ ትሰካዋለች። የቀረው ውሃ በተሞላ ጣሳ ረከቦቱ አጠገብ ይቀመጣል። ወለሉ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዟል። ቡናው ሲቆላ የቄጠማው እርጥብ ሽታ ከጭሱ ጋር ይቀላቀላል። ማታ ጣሳው ሲነሳ ሥሩ በቢጫ ዱቄት ተሸፍኖ ይገኛል። እሱን መጥረግ ለማንም አይከብድም።

በበዓሉ ልጃገረዶች አደይና ሣር ይዘው፣ አበባየሆሽ እያሉ ከቤት ቤት ይዞራሉ። ወንዶቹ ልጆች ወረቀት ላይ የሣሉትን አበባ ለታላላቆች ያበረክታሉ። ተቀባዩ ይመርቃል፣ ሳንቲምም ይሰጣል። ስለ እንቁጣጣሽ ስም አመጣጥ ሁለት ዓይነት አባባል አለ። አንዳንዶች ንግሥተ ሳባ ከኢየሩሳሌም ስትመለስ ከተበረከተላት ዕንቁ ጋር ያያይዙታል። ሌሎች ከአበባው ከራሱ ጋር ያገናኙታል። አደይ የለመደ ዓይን ወደ ሁለተኛው ማድላቱ አይቀርም።

መስከረም 16 አደዩ ወደ ደመራው ይሄዳል፤ አናቱ ላይ ይታሰራል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ ይባላሉ። ጽጌ ማለት አበባ ነው። ቤተ ክርስቲያን እመቤታችንንና ልጇን በአበባና በፍሬ እየመሰለች በየሳምንቱ ማኅሌት ታቆማለች። የጽጌ ጾም የፈቃድ ጾም ነው። ጽጌ፣ ጽጌረዳ፣ አበባ፣ አደይ የሚባሉ ሴቶች በየሰፈሩ የሞሉትም ያለ ምክንያት አይደለም።

ከዚያ ወዲያ ዓመቱ ጸጥ ይላል፤ በቅዳም ሹር ካህናት ቃጭል እያሰሙ ቄጠማ እስኪያድሉ ድረስ።

የአገሩ ጽጌረዳ

ጽጌረዳ የፈረንጅ ነው የሚል ሰው ብዙ ነው። በአንኮበርና በመንዝ በየአጥሩ ያለውን ቀጋ ልብ ብሎ አላየውም ማለት ነው። ቀጋ ራሱ ጽጌረዳ ነው። የሳይንስ ስሙ ሮዛ አቢሲኒካ ነው፤ የሐበሻ ጽጌረዳ እንደማለት። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅል ብቸኛው የጽጌረዳ ዝርያም እሱ ነው። አበባው ነጭ ነው፤ አምስት የአበባ ቅጠል አለው። ሽታው ቤት ይሞላል። ቀይ ፍሬውን እረኞች ይበሉታል። እሾሁ ግን አይጣል ነው፤ የሚቆርጠው ሰው በጨርቅ ይያዘው።

አንኮበር ለተፈጥሮ አጥኚዎች የቆየ ስም ያለው አገር ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1841 እስከ 1843፣ በካፒቴን ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ ልዑክ ሮት የሚባል የተፈጥሮ አጥኚ ይዞ መጥቷል። ጣሊያናዊው ኦራዚዮ አንቲኖሪም ከምኒልክ፣ ያኔ ከሸዋው ንጉሥ፣ አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ ላይ ቦታ ተሰጥቶት የምርምር ጣቢያ ከፍቶ ነበር። ወፎችና ዕፅዋት ሰብስቦ ወደ አገሩ ልኳል። እ.ኤ.አ. በ1882 እዚያው አርፎ እዚያው ተቀብሯል።

አበባና ስሜት

በአሜሪካ የሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ ጥናት አሳትመዋል። ለሴቶች አበባ፣ ፍራፍሬ ወይም ሻማ በስጦታ ልከው ፊታቸውን አዩ። አበባ የደረሳቸው ሁሉ ዓይን ድረስ የሚዘልቅ፣ ከልብ የሆነ ፈገግታ አሳዩ። ከቀናት በኋላም ስሜታቸው የተሻለ ነበር። ጥናቱን የአሜሪካ አበባ ነጋዴዎች ማኅበር በገንዘብ ደግፎታል፤ ይህን ማወቅ ተገቢ ነው። ውጤቱ ግን እናቶቻችን ከሚያውቁት አልራቀም።

አያያዝ

ኢትዮጵያ አበባ በመላክ ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛ ናት። ደብረ ብርሃን ላይም ጽጌረዳ በእቅፍ መግዛት ተለምዷል፤ በተለይ ለሠርግና ለምረቃ። ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተበት ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ የምረቃ ሰሞን መንገዱ አበባ በያዘ ወላጅ ይሞላል።

አበባው ቤት ሲገባ ግንዱን በስለት ሰያፍ አድርጎ መቁረጥ ነው። ውሃ ውስጥ የሚገባ ቅጠል ይመልመል፤ ካልሆነ ይበሰብሳል። ውሃው በየሁለት ቀኑ ይቀየር። ትንሽ ስኳርና ጥቂት ጠብታ በረኪና ዕድሜውን ያረዝማል። ከበሰለ ሙዝ አጠገብ አይቀመጥ፤ ሙዙ የሚያወጣው ጋዝ አበባውን ቶሎ ያጠወልጋል። እዚህ ላይ የደብረ ብርሃን ብርድ ባለውለታ ነው። በቀዝቃዛ ክፍል አበባ ሸዋ ሮቢት ላይ ከሚቆየው የበለጠ ይቆያል።

አደይ ግን ቢንከባከቡትም ቶሎ ይረግፋል። ስለዚህ ከአንድ ቦታ ሁሉንም አለመልቀም ደግ ነው። ሜዳ ላይ የቀረው ለዘር ይሆናል፣ ንብም ይቀስመዋል። በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ቢጫ ማር ከእሱም የተገኘ ነው።