ፊልም በፖስታ፦ የወርሃዊ ዲቪዲ ኪራይ ዋጋና ጥቅም

በወር ቁርጥ ሂሳብ እየከፈሉ ዲቪዲ በፖስታ መከራየት አሜሪካ ውስጥ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል የቆየ ንግድ ነበር። ደንበኛው ሊያያቸው የሚፈልጋቸውን ፊልሞች ድረ ገጽ ላይ በተርታ ይመዘግባል፤ ኩባንያው ከተርታው አናት ያለውን ይልክለታል፤ አይቶ ሲመልስ ቀጣዩ ይላካል። የመመለሻ ቀን የለም፣ ቅጣት የለም። ዋጋው የሚወሰነው በአንድ ጊዜ ስንት ዲስክ እጅ ላይ መያዝ እንደሚቻል ነው፤ በወር ስንት ፊልም ታየ የሚለው አይቆጠርም። ስለዚህ ሁለት ጎረቤታሞች እኩል ከፍለው አንዱ በርካሽ ሲያይ ሌላው በውድ ያይ ነበር።

ከዲቪዲ በፊት ይህ ንግድ በሰፊው የሚያዋጣ አልነበረም። የቪኤችኤስ ካሴት ወፍራምና ከባድ ስለሆነ የመላኪያው ዋጋ ኪራዩን ይበላዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ወራትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ገበያ ላይ የዋለው ዲቪዲ ግን 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀጭን ዲስክ ነው፤ ከነፖስታው በተራ ደብዳቤ ዋጋ ይሄዳል። በዚያው ዓመት ሪድ ሄስቲንግስና ማርክ ራንዶልፍ ካሊፎርኒያ ውስጥ ስኮትስ ቫሊ በተባለች ከተማ ኔትፍሊክስን አቋቋሙ። ድርጅቱ በሚያዝያ 1998 ሥራ ሲጀምር ከሺህ ያነሱ ርዕሶች ነበሩት፤ የሚያከራየውም እንደማንኛውም ቪዲዮ ቤት በነጠላ፣ የመመለሻ ቀን ቆርጦ ነበር። ይህ አላዋጣም። በመስከረም 1999 ወርሃዊ ደንበኝነት ተጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ የነጠላው ኪራይ ቀረ።

ወርሃዊው ክፍያ ሰው የገባለት በርካሽነቱ ብቻ አይደለም። በጊዜው በሱቆቹ የቪዲዮ ኪራይ ገበያውን የያዘው ብሎክበስተር በ2000 ከዘገየ ፊልም ቅጣት ብቻ ወደ 800 ሚሊዮን ዶላር ሰብስቧል። ቅዳሜ ተከራይቶ ረቡዕ የመለሰ ሰው ከኪራዩ የበለጠ ቅጣት ሊጠብቀው ይችል ነበር። በወር 20 ዶላር ገደማ ከፍሎ ከዚህ መገላገል ለብዙ ቤተሰብ የአእምሮ ዕረፍት ነበር። ያቺ ዕረፍት ግን የምትከፈለው ፊልም ባልታየበት ወርም ጭምር ነው።

ሂሳቡን ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል። በ2009 አካባቢ ኔትፍሊክስ አንድ ዲስክ ለሚይዝ ደንበኛ 8.99፣ ሁለት ለሚይዝ 13.99፣ ሦስት ለሚይዝ 16.99 ዶላር ያስከፍል ነበር። የ8.99ኙን እንውሰድ። ማከፋፈያው ቅርብ ከሆነ ሰኞ የተመለሰው ዲስክ ማክሰኞ ይደርሳል፤ ዕለቱን ሌላ ይላካል፤ ረቡዕ ደንበኛው እጅ ይገባል። ረቡዕ ማታ አይቶ ሐሙስ ጠዋት የሚመልስ ሰው በወር ስምንት ያህል ፊልም ያያል፤ አንዱ 1 ዶላር ከ12 ሳንቲም ይወድቅለታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ የሚያይ አራት ፊልም ያገኛል፤ ለእያንዳንዱ 2 ዶላር ከ25 ሳንቲም ገደማ ማለት ነው። ሥራ በዝቶበት ዲስኩን ወሩን ሙሉ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ያስቀመጠ ደግሞ ላላየው ፊልም 9 ዶላር ከፈለ።

በኩባንያው ወገን ሂሳቡ ይገለበጣል። የዚያን ጊዜ የደብዳቤ ቴምብር 44 ሳንቲም ነበር። በብዛት ለሚልክ የሚደረገውን ቅናሽ አስበን ደርሶ መልሱን 80 ሳንቲም ብንለው፣ የስምንት ፊልም ቴምብር ብቻ 6 ዶላር ከ40 ይሆናል። በቀረችው ሁለት ዶላር ከምናምን ዲስኩ ይገዛል፣ ሠራተኛው ይከፈላል፣ የተጫረና የጠፋ ይተካል። ትጉው ተመልካች ለኩባንያው ኪሳራ ሊሆን ምንም አይቀረው፤ ንግዱን ያቆመው ዲስኩን የሚረሳው ሰው ነው።

ኩባንያው ይህን በሚገባ ያውቅ ነበር። ብዙ የሚከራዩት ደንበኞች አዲስ የወጣ ፊልም ሲጠይቁ ወረፋቸው ወደ ኋላ ይል፣ ዲስክ ለመላክም አንድ ሁለት ቀን ይዘገይ ጀመር። በ2004 አንድ ደንበኛ «ያልተገደበ ኪራይና የአንድ ቀን አቅርቦት» የሚለው ማስታወቂያ እውነት አይደለም ብሎ በሌሎች ደንበኞችም ስም ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሰሰ። ኔትፍሊክስ ከዚያ ወዲህ በውሉ ላይ ጥቂት ለሚከራዩ ቅድሚያ እንደሚሰጥ በግልጽ አሰፈረ፤ ክሱም ጥፋት ሳይታመን በስምምነት አለቀ። ነባር ደንበኞች የደረሳቸው ካሣ ለአንድ ወር ተጨማሪ ዲስክ መያዝ ነበር። ብዙ ፊልም በመከራየታቸው ለተጓተተባቸው ሰዎች ተጨማሪ ዲስክ መስጠት ያስቃል።

ለደንበኛው ወርቃማው ዘመን ኩባንያዎቹ እርስ በርስ የተፋለሙበት ነው። በ2004 ኔትፍሊክስ የሦስት ዲስኩን ዋጋ ወደ 21.99 ዶላር ከፍ ባደረገ በጥቂት ወራት ውስጥ ብሎክበስተር በ19.99 ገባ፤ ኔትፍሊክስ ወደ 17.99 ወረደ፤ ብሎክበስተርም ከዚያ በታች ቆረጠ። ትልቁ ቸርቻሪ ዋልማርትም ሞክሮ በ2005 ደንበኞቹን ለኔትፍሊክስ አስረክቦ ወጣ። በ2006 መጨረሻ ብሎክበስተር በፖስታ የመጣውን ዲስክ ሱቅ ወስዶ በነጻ ኪራይ መለወጥን ፈቀደ። በኔ ግምት ለተከራይ ከዚያ የተሻለ ውል ቀርቦ አያውቅም፤ ፖስታው እስኪመለስ መጠበቅ እንኳን አያስፈልግም ነበር። ለድርጅቱ ግን ከአቅም በላይ ሆነና በቀጣዩ ዓመት ገደብም ጭማሪም መጣበት። በመስከረም 2010 ብሎክበስተር የኪሳራ ከለላ ጠየቀ።

የኔትፍሊክስ ቀዩ ፖስታ ራሱ በዘዴ የተሠራ ነበር። የላይኛው ሽፋን ሲቀደድ ከሥሩ የመመለሻው አድራሻ ይወጣል፤ ቴምብሩ የተከፈለ ነው፤ ዲስኩን ከነነጭ ከረጢቱ ከትቶ በክዳኑ ላይ ያለውን ሙጫ ማጣበቅና ቤት ደጃፍ ያለው ሳጥን ውስጥ መክተት ብቻ ይቀራል። ቀላል መሆኑ ለፖስታ ቤቱ ግን ራስ ምታት አመጣ። የመመለሻው ፖስታ በመደርደሪያ ማሽኑ ውስጥ እየተጣበቀ ስላስቸገረ አብዛኛው በእጅ ይለይ ነበር። የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት ዋና ኢንስፔክተር በ2007 ባወጣው ሪፖርት ይህ በሁለት ዓመት ወደ 42 ሚሊዮን ዶላር ተጨማሪ የጉልበት ወጪ እንዳስከተለ አስልቶ፣ በአንድ ፖስታ 17 ሳንቲም እንዲጨመር ሐሳብ አቀረበ። ከወርሃዊው ክፍያ ከፊሉን ወጪ ሌላ ሰው ይሸከመው ነበር ማለት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ደብዳቤ የሚመጣው ደጃፍ ድረስ ሳይሆን ፖስታ ቤት ወዳለው የፖስታ ሳጥን ቁጥር በመሆኑ እንዲህ ያለ ንግድ መነሻም አልነበረውም፤ ካሴቱም ሲዲውም ከሰፈር ቪዲዮ ቤት ነበር የሚገኘው።

የአገልግሎቱ ትልቁ ሀብት የፊልም ብዛቱ ነው፤ ምክንያቱም ሕግ ነው። በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ መሠረት አንድ ሰው በሕጋዊ መንገድ የገዛውን ዲስክ ያለ ፊልም ሠሪው ፈቃድ ሊያከራየው ይችላል። ስለዚህ ኔትፍሊክስ ከስቱዲዮዎች ጋር ሳይዋዋልም ከገበያ የተገኘውን ሁሉ መደርደር ቻለ፤ ክምችቱ 100,000 ርዕስ ገደማ ደርሶ ነበር። ስቱዲዮዎቹ መከላከል የቻሉት በጊዜ ብቻ ነው፦ በ2010 ዋርነር ብራዘርስ አዳዲስ ፊልሞቹ ሽያጭ ላይ ከዋሉ 28 ቀን ሳይሞላ እንዳይከራዩ ተስማማ። በኢንተርኔት ማሳየት (ስትሪሚንግ) ግን ለእያንዳንዱ ፊልም ፈቃድ ይጠይቃል፤ ውሉ ሲያልቅ ፊልሙ ይነሳል። ጥቁርና ነጭ የድሮ ፊልም ወይም ጥቂት ሰው የሚፈልገውን የውጭ አገር ሥራ የሚያሳድድ ሰው ከዲቪዲው የለቀቀው በግድ ነው።

በ2009 የታተመ፣ የአንድ አውስትራሊያ አከራይ ደንበኞችን የተከታተለ ጥናት ደግሞ ሰዎች «ማየት አለብኝ» ብለው የሚያዝዙትን ቁም ነገረኛ ፊልም ለመዝናናት ካዘዙት ይልቅ አቆይተው እንደሚመልሱ አሳየ። በወርሃዊ ክፍያ ሲሰላ፣ ያ ክቡር ዘጋቢ ፊልም ጠረጴዛ ላይ አቧራ ሲጠጣ በቤቱ ካለው ኪራይ ሁሉ ውዱ እሱ ነው።

በ2011 ኔትፍሊክስ በአንድ ላይ 9.99 ዶላር ይሸጥ የነበረውን ዲቪዲና ስትሪሚንግ ለያይቶ እያንዳንዱን 7.99 አደረገው፤ ሁለቱንም የሚፈልግ 60 በመቶ ጭማሪ ገጠመው። በሦስት ወር 800,000 ያህል ደንበኛ ሄደ። ዲቪዲውን ክዊክስተር በሚል ስም ለብቻ የማውጣቱ ዕቅድም በሦስት ሳምንት ገደማ ተሰረዘ። የሚገርመው ግን የተገፋው ዲቪዲ የኩባንያው የምትታለብ ላም ሆኖ መቆየቱ ነው፦ በ2012 ወደ 1.1 ቢሊዮን ዶላር አስገብቶ ከግማሽ ቢሊዮን በላይ ሲያተርፍ፣ ከአሜሪካ ውጭ የነበረው ስትሪሚንግ 390 ሚሊዮን ያህል ከስሯል። በየዳር አገሩ፣ ኢንተርኔት ደካማ በሆነበት ቀዩን ፖስታ የሚጠብቁ ሰዎች የኩባንያውን ዓለም አቀፍ መስፋፋት ሲደጉሙ ነበር።

የዲቪዲው ገቢ በ2022 ወደ 146 ሚሊዮን ዶላር ወርዶ፣ የመጨረሻው ፖስታ መስከረም 29 ቀን 2023 ተላከ። እስከዚያ 5.2 ቢሊዮን ዲስክ ተጉዟል። ደንበኞች በእጃቸው የቀረውን ዲስክ እንዲያስቀሩት ተፈቀደላቸው። ብሪታንያ ውስጥ የአማዞኑ ላቭፊልም በ2017 ሲዘጋ ሲኒማ ፓራዲሶ የተባለው አከራይ ግን በዚያው አሠራር ቀጥሏል፤ ደንበኛው አሁንም የሚከፍለው በአንድ ጊዜ በሚይዘው የዲስክ ቁጥር ነው።